በፓሪስ አትክልት ሥፍራ አንድ ከሰዓት፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የባለጸጎች መዝናኛ ትዕይንትን በውሃ ቀለም ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

የውሃ ቀለምን በደንብ የለመዱ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ሰፋፊ የሐር ቀሚስ የለበሱ ሴቶችና ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች በዛፍ ጥላ ሥር የሚጨዋወቱበትን ትዕይንት ለመሥራት ሲነሡ ሥራው ደጋግሞ በተመሳሳይ መንገድ ይበላሽባቸዋል። ቀሚሱ ሐርነቱን ያጣና የረጠበ ጥጥ ይመስላል። የወንዶቹ ጥቁር ልብስ ቅርጽ አልባ ጥላ ይሆናል። ነጭ ሆኖ መቅረት የነበረበት ቦታ ሳይታወቅ ይሸፈንና፣ በመጨረሻ በወፍራም ነጭ ቀለም ለማዳን ሲሞከር ሥዕሉ በሙሉ ይደነዝዛል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ድክመት ሳይሆን፣ ብሩሹ ውሃ ከመንካቱ በፊት መቆረጥ የነበረባቸው ውሳኔዎች ወረቀቱ ረጥቦ ሳለ በጥድፊያ ስለሚቆረጡ ነው። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ስለ ዝግጅት ነው፤ እባክዎ አይዝለሉት።

አርአያ አድርጌ የወሰድኩት የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የኧዤን ላሚን (1800–1890) አሠራር ነው። የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥትን ደረጃ በ1848 የግብዣ ምሽት ያሳየበትን፣ ወይም በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ በቬርሳይ የተደረገውን እራት የሣለበትን ሥራ በስልክዎ አጉልተው ይመልከቱ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ከጥቂት የብሩሽ ንክኪ የዘለለ ነገር የለውም፤ ዓይናችን ግን ባርኔጣውንም፣ ትከሻውንም፣ ጌጡንም ያያል። እኛ የምንሠራው ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ትዕይንት ነው፦ በ1860 ገደማ በፓሪስ የቱይለሪ አትክልት ሥፍራ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቼስትነት ዛፎች ሥር ሁለት የተቀመጡ ሴቶች፣ አንድ የቆመ ወንድ፣ ከኋላቸውም ራቅ ያለ ሕዝብ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራና 300 ግራም በካሬ ሜትር የሚመዝን ይሁን፤ ስፋቱም 28 በ38 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፈጽሞ ልሙጥ የሆነው ወረቀት ለጥቃቅን ፊቶች ቢመችም፣ ጠርዝን ወዲያው ስለሚያደርቅና ስሕተትን ስለማይሸከም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ደቃቅ ሸካራነት ያለውን እመርጣለሁ። ወረቀቱ ለረጅም ጊዜ እርጥበት ባለበት ቦታ የተቀመጠ ከሆነ በጥጉ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አኑረው ይፈትኑት። ጠብታው ሳይሰርግ ጥቂት ከቆየ ወረቀቱ ደኅና ነው፤ ወዲያው ከሰረገና ጠቆር ያለ ነጥብ ከሠራ ግን ቀለምን በላዩ ላይ የሚያቆየው ሙጫ ጠፍቷልና ለልምምድ ብቻ ይጠቀሙበት።

ሦስት ክብ ብሩሾች (ቁጥር 10፣ 6 እና 2)፣ አንድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ እንዲሁም ቀለም ለማንሣት የሚያገለግል ፀጉሩ ጠንከር ያለ አሮጌ ብሩሽ ያዘጋጁ። ሁለት የውሃ ዕቃ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ለመውሰድ ብቻ ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ሶፍት፣ ለስላሳ ላጲስ፣ ኤችቢ እርሳስ፣ የእንጨት ቦርድና በውሃ የሚጣበቅ የወረቀት ፕላስተር ይጨምሩ።

ቀለሞቹ ሰባት ብቻ ናቸው፦ ቢጫ ኦክር፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ካድሚየም ቀይ፣ ኩዊናክሪዶን ሮዝ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ፍሬንች አልትራማሪን (ጠለቅ ያለ ሰማያዊ) እና ቪሪዲያን (አረንጓዴ)። ከእነዚህ ውጭ ለመጨረሻው ደረጃ የሚሆን አንድ ቱቦ ነጭ ጓሽ (በውሃ የሚቀጥን፣ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ወፍራም ቀለም) ይግዙ። የዘመኑ ሰዓሊዎች ለሮዝ ቀለም የሚጠቀሙበት ከማደር ተክል ሥር የሚወጣው ቀለም በብርሃን ስለሚደበዝዝ ነው በኩዊናክሪዶን የተካነው። ጥቁር ቀለም በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱ በ9ኛው ደረጃ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ የቀለም መጻሕፍት የሚያወድሱት ኤመራልድ አረንጓዴ አርሴኒክ ያለበት መርዝ ነበር፤ የጥንቱን ቱቦ ቢያገኙ እንኳ አይንኩት። ካድሚየምም ቢሆን ወደ አፍ መግባት የለበትም፤ የብሩሽን ጫፍ በከንፈር የማሾል ልማድ ካለዎት ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን መወጠር

1. ወረቀቱን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንከሩ።
2. በጥጉ ይዘው ውሃው እስኪንጠባጠብ ያንጠልጥሉትና በቦርዱ ላይ በጥንቃቄ ያንጥፉት። መሐሉን በጣትዎ አይንኩ፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ በኋላ ቀለም አይቀበልም።
3. ጠርዞቹን ብቻ በሶፍት ያድርቁ። ፕላስተሩን በስፖንጅ አርጥበው ግማሹን በወረቀቱ፣ ግማሹን በቦርዱ ላይ በማሳረፍ አራቱንም ጎን ይለጥፉ።
4. ቦርዱን አጋድመው ሌሊቱን ያሳድሩት። አቁመው ካደረቁት ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ፕላስተሩን ይነቅለዋል።

ከተበላሸ፦ ጠዋት ላይ ፕላስተሩ በአንድ ጎን ተላቆ ካገኙት ያንን ጎን ብቻ ለመጠገን አይሞክሩ። ሁሉንም አንሥተው እንደገና ይንከሩት። ግማሹ የተወጠረ፣ ግማሹ የላላ ወረቀት ቀለሙን ወደ ጉድጓዱ ይሰበስባል፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ጥበብ አያቃናውም።

ደረጃ 2፦ ዘመኑንና ሰዓቱን መወሰን

አንድ ዓመት ይምረጡና ከእሱ አይውጡ። የብረት ቀለበት ያለው ሰፊው የቀሚስ መወጠሪያ የተስፋፋው ከ1856 ጀምሮ ነው፤ ቀሚሱን ወደ ኋላ ብቻ የሚያሳብጠው ቅርጽ የመጣው ደግሞ በ1870 ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ካስቀመጧቸው ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች ሥዕሉን አያምንዎትም። ደማቅ ወይን ጠጅ ቀሚስ መሣል ከፈለጉም፣ ከከሰል ዝፍት የተገኘው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ የተፈጠረው በ1856 መሆኑን ያስታውሱ፤ ለ1860 ተስማሚ ነው፣ ለ1840 ግን አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቀንና የምሽት ልብስ መደባለቅ ነው። ትከሻን የሚያጋልጥ ቀሚስ የምሽት ግብዣ ልብስ ነበር። በቀን ወደ አትክልት ሥፍራ የምትወጣ ሴት እስከ አንገት የተዘጋ፣ እጅጌው የረዘመ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ሻል ትደርባለች፤ ከአገጭ ሥር በሪባን የሚታሰር ባርኔጣ ታደርጋለች፤ ጓንት ታጠልቃለች፤ ብዙ ጊዜም የፀሐይ ጃንጥላ ትይዛለች። ወንዱ ጥቁር ረጅም ካፖርት፣ ብዙ ጊዜም ፈካ ያለ ሱሪ ይለብሳል። ይህን ከያዙ በኋላ ሌላውን ጌጣ ጌጥ መቀነስ ይሻላል።

ስለ ቀሚሱ ቅርጽ ሁለት ነገር ይወቁ። ቆማ ስትታይ የቀሚሷ የታችኛው ስፋት ከወገቧ እስከ መሬት ካለው ርዝመት ጋር ይቀራረባል ወይም ትንሽ ይበልጠዋል። ስትቀመጥ ደግሞ ቀለበቶቹ ይታጠፉና ጨርቁ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይፈስሳል፤ የጉልበት ቅርጽ አይታይም፣ የወንበሩም እግር በአብዛኛው ይሸፈናል። ጉልበትን በቀሚሱ ላይ የሚሥል ሰው የዛሬን ቀሚስ እየሣለ ነው።

ደረጃ 3፦ የብርሃን ደረጃዎችን በትንሽ ንድፍ መሞከር

በመዳፍ የሚሸፈን ትንሽ ወረቀት ላይ ትዕይንቱን በሦስት ድምቀት ብቻ ይንደፉ፦ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁር። ፊት፣ ጣት፣ ቅጠል አይጨምሩ። ዓላማው አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ከሁሉ የፈካው ቦታ የት ነው፣ ከሁሉ የጠቆረውስ ምን ያህል ይቀርበዋል?

ለዚህ ትዕይንት የሚሠራው አቀማመጥ የሚከተለው ነው። ከኋላ ያሉት ዛፎች በአብዛኛው መካከለኛ ግራጫ ይሁኑ። ፈካ ያለ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ከፊት ትቀመጥ። ጥቁር ካፖርት የለበሰው ወንድ ከእርሷ ጎን ይቁም፤ የካፖርቱ ጠርዝ ከቀሚሷ ጋር የሚነካካበት ቦታ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ነው። ሁለተኛዋ ሴት መካከለኛ ቀለም ትልበስ፤ እሷም ከፈካች ዓይን በሁለቱ መካከል ይዋልላል።

ቢያንስ ሦስት ንድፍ ይሥሩና በእጅዎ ርቀት ይዘው ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቷቸው። የማይነበብ ትንሽ ንድፍ ሲሰፋ አይነበብም።

ደረጃ 4፦ ሥዕሉን በሌላ ወረቀት ነድፎ መገልበጥ

በተወጠረው ወረቀት ላይ በቀጥታ አይንደፉ። ላጲስ የወረቀቱን ገጽ ያጎፍራል፤ የጎፈረ ቦታ ደግሞ ቀለምን ጨለማ አድርጎ ይጠጣል። በተራ ወረቀት ላይ በሙሉ መጠኑ ነድፈው ከጨረሱ በኋላ ይገልብጡት።

1. መጀመሪያ የአድማሱን መስመር ያስምሩ። እርስዎ ቆመው እያዩ ነው ብለው ካሰቡ፣ በሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ፣ ቅርብም ሆኑ ሩቅ፣ ዓይናቸው በግምት በዚህ መስመር ላይ ይውላል፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከፍ የሚለው እግራቸው ብቻ ነው። የተቀመጡት ሴቶች ራስ ከመስመሩ በታች ይሆናል። ከኋላ ያለው ሕዝብ እንደ ግዙፍ ወይም እንደ ድንክ የሚታየው ይህ ሕግ ሲጣስ ነው።
2. የቆመውን ወንድ ያለ ባርኔጣው 12 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። ራሱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።
3. ሰዎቹን መጀመሪያ ያለ ልብስ ቅርጽ፣ በቀላል መስመር ያስቀምጡ፤ ከዚያ ያልብሷቸው። ዳሌዋ የት እንዳለ ያልታወቀ ሴት ቀሚሷ ከወንበሩ ተንሳፍፎ ይታያል።
4. ወንበሮቹን በቀጥታ መስመር አይደርድሩ። በቱይለሪ ወንበሮቹ ተንቀሳቃሽ ስለነበሩ ሰዎች ወደፈለጉበት እየሳቡ በክብ በክብ ይቀመጡ ነበር።
5. ንድፉ ሲያልቅ የወረቀቱን ጀርባ በእርሳስ ይቀቡት፤ በተወጠረው ወረቀት ላይ አስቀምጠው መስመሮቹን ሳይጫኑ ይድገሟቸው።

ከተበላሸ፦ የተገለበጠው መስመር ከጠቆረ በለስላሳ ላጲስ እየነካኩ ያንሡት እንጂ አይፈትጉ። የእርሳስ ዱቄት ከሮዝ ወይም ከቢጫ ጋር ሲቀላቀል የቆሸሸ ቆዳ ይሰጣል።

ደረጃ 5፦ ነጭ የሚቀረውን መለየት

አሁን የሚቀር ነጭ በሙሉ የወረቀቱ ነጭ ነው። በንድፉ ኮፒ ላይ ነጭ ሆነው የሚቀሩትን ቦታዎች በቀይ እርሳስ ያክብቡ፦ በፈካው ቀሚስ እጥፋት ጫፍ ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ የወንዱ ሸሚዝ ኮሌታ፣ የጃንጥላው የላይኛው ጎን፣ በመሬት ላይ የሚወርዱት የፀሐይ ነጠብጣቦች። ይህን ኮፒ ከፊትዎ ይስቀሉት።

መሸፈኛ ፈሳሽ (ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገውን ቦታ የሚሸፍንና በኋላ የሚላጥ ፈሳሽ) የሚጠቀሙ ከሆነ ለመሬቱ ነጠብጣቦችና ለኮሌታው ብቻ ያድርጉት። ለሐር ቀሚስ ግን እቃወመዋለሁ፤ ፈሳሹ ሲላጥ ሁሉም ጠርዝ እኩል ስለት ሆኖ ይቀራል፤ የሐር ብርሃን ደግሞ በአንድ ጎኑ ስለት፣ በሌላ ጎኑ ለስላሳ ነው። ፈሳሹን በወረቀቱ ላይ ከአንድ ቀን በላይ አያቆዩት፤ በፀጉር ማድረቂያም አያሙቁት፤ ተጣብቆ ወረቀቱን ይዞ ይላጣል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ንብርና ዛፎቹ

1. በጣም ስስ የሆነ ቢጫ ኦክር በጠፍጣፋው ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ያልብሱ፤ ምልክት ያደረጉባቸውን ነጭ ቦታዎች ይዝለሉ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።
2. ዛፎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ብቻ በንጹሕ ውሃ ያርጥቡ፤ ውሃው በሰዎቹ ራስና ትከሻ ጠርዝ ላይ ይቁም።
3. ቪሪዲያንን ለብቻው ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የፋርማሲ ምልክት ይመስላል። ከበርንት ሲዬና ጋር ለጥላው፣ ከቢጫ ኦክር ጋር ለብርሃኑ ይቀላቅሉት። በረጠበው ቦታ ላይ መጀመሪያ የፈካውን፣ ከዚያ ከሥሩ የጠቆረውን ያውርዱ፤ ሁለቱ በራሳቸው ይገናኙ።
4. ገጹ ማብረቅረቁን ሲያቆም እጅዎን ያንሡ። በዚህ ሰዓት የሚጨመር ውሃ ቀለሙን እየገፋ የአበባ ጎመን ጫፍ የመሰለ ጥርሳም ጠርዝ ይሠራል።
5. ሲደርቅ የሩቁን ሕዝብ በቁጥር 6 ብሩሽ፣ በሰማያዊ ግራጫ፣ በነጠላ ንክኪ ያስቀምጡ። ፊት አያስፈልጋቸውም።

አየሩን ያስቡበት። በአዲስ አበባ የበጋ አየር፣ ወይም በባሕረ ሰላጤ አገሮች አየር ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ፣ የረጠበ ገጽ ከጠበቁት ፈጥኖ ይደርቃል፤ መስኮቱን ይዝጉ፣ ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ ቦታውን ሁለት ጊዜ ያርጥቡ። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙት መሸፈኛ ፈሳሽ በሌለበት ቦታ፣ ማብረቅረቁ ከጠፋ በኋላ ብቻ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይሁን።

ከተበላሸ፦ ጥርሳም ጠርዙ ከወጣ ወዲያው አይነካኩት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቀው በእርጥብ አሮጌ ብሩሽ ጠርዙን ብቻ ያለስልሱና በሶፍት ያንሡት። በዛፍ ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ በቅጠል መልሶ መሸፈን ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ፊቶች

1.6 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ራስ ላይ ዓይን፣ ቅንድብ፣ ከንፈር በየተራ መሣል የፊትን ሕይወት ያጠፋል። ቢጫ ኦክርና ትንሽ ካድሚየም ቀይ በብዙ ውሃ ቀላቅለው ፊቱን በሙሉ በአንድ ንክኪ ያልብሱት፤ ገና እርጥብ ሳለ በጉንጩ ላይ አንድ ነጥብ ሮዝ ያኑሩ። ሲደርቅ በኮባልትና በበርንት ሲዬና ቅልቅል የባርኔጣውን ጥላ በግንባርና በዓይን አካባቢ እንደ አንድ ቅርጽ ያሳርፉ። ከዚያ በኋላ ከአፍንጫ ሥር አንድ ንክኪ፣ ለአፍ አንድ ንክኪ፤ አለቀ።

ከጃንጥላ ሥር ያለ ፊት የጃንጥላውን ቀለም ይቀበላል። ጨርቁ ሮዝ ከሆነ ጥላው ሞቅ ይላል፤ አረንጓዴ ከሆነ ቆዳው ስለሚታመም ሌላ ቀለም ይምረጡ።

ከተበላሸ፦ ፊቱ ከከበደ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ነካ አድርገው በሶፍት ያንሡ፤ ኦክርና ኮባልት በቀላሉ ይነሣሉ፣ ኩዊናክሪዶን ግን ወረቀቱን ስለሚያቀልም እድፉ ይቀራል። በጉንጭ ላይ ያለው ሮዝ ስስ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ የሐር ቀሚስ

ወደ ሥዕሉ ከመሄድዎ በፊት አንድ ክንድ የሚሆን ሳቲን ጨርቅ ይግዙና በወንበር መደገፊያ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ከአንድ ጎን ብቻ መብራት ያብሩበት። ደጋግመው ይመልከቱት። ብርሃኑ በእጥፋቱ አናት ላይ ጠባብ ሰንበር ሆኖ ያርፋል፤ ከጎኑ በድንገት ይጠቁራል፤ ከጥቁሩ ጀርባ ግን፣ በእጥፋቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከጎረቤት እጥፋት የሚመለስ ደብዛዛ ብርሃን አለ። ይህ የሚመለሰው ብርሃን ነው ሐርን ከጥጥ የሚለየው፤ ከሁሉ በፊት የሚረሳውም እሱ ነው። የጥጥ ጨርቅ ብርሃን ሰፊና ቀስ ብሎ የሚያልቅ ሲሆን፣ የሐር ብርሃን ጠባብና ስለታም ነው።

ለፈካው ሰማያዊ ግራጫ ቀሚስ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ኮባልት ሰማያዊን ከቅንጣት ሮዝና ከቅንጣት ኦክር ጋር ቀላቅለው በቂ መጠን ያዘጋጁ፤ መሐል ላይ ካለቀብዎት ያንኑ ቀለም ዳግመኛ ማግኘት ከባድ ነው።
2. የብርሃን ሰንበሮቹን ደረቅ ነጭ ወረቀት አድርገው እየተዉ፣ ሌላውን የቀሚሱን ክፍል በሙሉ በዚህ ስስ ቀለም ያልብሱ። ብሩሹን ከወገብ ወደ ታች፣ በጨርቁ አወራረድ ይሳቡት።
3. ማብረቅረቁ ሲጠፋ፣ ወረቀቱ ግን ለጣት ገና ሲቀዘቅዝ፣ በእጥፋቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ጠቆር ያለውን ቅልቅል ያስገቡ። በራሱ ይለሰልሳል።
4. ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ይህን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ቀሚሱን ያጣል።
5. ለሁለተኛው ንብር አልትራማሪንና ትንሽ በርንት ሲዬና ይጨምሩ። ከብርሃን ሰንበሩ አጠገብ አንድ ጥርት ያለ ጠቆር ያለ መስመር ያሳርፉ፤ ወዲያው ብሩሹን አጥበው፣ በጨርቅ ነክተው፣ የመስመሩን የውጭ ጎን ብቻ በእርጥቡ ያለስልሱ። የብርሃኑ ጎን ስለት ሆኖ ይቅር።
6. በጥላው ውስጥ የሚመለሰውን ብርሃን አይሸፍኑ። ሁለተኛዋ ሴት ቢጫ ወይም ቡና ዓይነት ከለበሰች፣ በእርሷ በኩል ባለው ጥላ ውስጥ ጥቂት የዚያን ቀለም ያስገቡ፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ አየር ውስጥ እንዳሉ የሚያሳየው ይህ ነው።
7. በቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ የጠጠሩን ሞቃት ቀለም ያንጸባርቁ።

እጥፋቶቹን በእኩል ርቀት አያስቀምጡ። ከወገብ ሲነሡ ጥቅጥቅ ይላሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ይሰፋሉ፣ አንዳንዶቹም በመንገድ ይጠፋሉ። ወንበሩ ላይ የሚያርፈው ክፍል ደግሞ አቅጣጫ ይቀይራል፤ በዚያ ቦታ ትናንሽ ስብራቶች ይታያሉ። ለእነዚህ ስብራቶች ጊዜ ይስጧቸው።

ከተበላሸ፦ ብርሃኑ ከተሸፈነ፣ ሰንበሩን በሁለት የፕላስተር ቁራጮች መካከል አድርገው በእርጥብ አሮጌ ብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡና በሶፍት ያንሡ። ሙሉ ነጭ አይሆንም፣ ግን ለሁለተኛ ደረጃ ብርሃን ይበቃል። ቀሚሱ በሙሉ ከጨቀየ ደግሞ ምክንያቱ ከሦስት ንብር በላይ መደረቡ ወይም እርጥብ ላይ መደረቡ ነው፤ በትልቅ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ አጥበው የቀረውን ደብዛዛ ቅርጽ እንደ ጥላ በመጠቀም እንደገና ይጀምሩ።

ደረጃ 9፦ ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ

ከቱቦ የወጣ ጥቁር በውሃ ቀለም ላይ ደረቅና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሁለት እጅ አልትራማሪን ከአንድ እጅ በርንት ሲዬና ጋር ይቀላቅሉ፤ ሰማያዊውን ሲያበዙ ይቀዘቅዛል፣ ሲዬናውን ሲያበዙ ይሞቃል። በዚህ ልዩነት ብቻ ካፖርቱን ማዞር ይቻላል።

በብርሃን በኩል ያለው ትከሻና እጅጌ መካከለኛ ግራጫ ይሁን፤ እውነተኛው ጥቁር ለብብት፣ ለኮሌታ ሥርና ለካፖርቱ እጥፋት ብቻ ይቀመጥ። መጀመሪያ ግራጫውን በሙሉ ያልብሱ፣ ሲደርቅ ጥቁሩን ያሳርፉ። ካፖርቱ ሱፍ ስለሆነ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ባርኔጣው ግን አንጸባራቂ ሐር ስለሆነ በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጭን ስለታም ብርሃን ይተዉለት። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ከሠሯቸው ሰውየው ከአንድ ጨርቅ የተቆረጠ ይመስላል።

ከተበላሸ፦ ካፖርቱ ሲደርቅ ከፈዘዘ (የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈካልና ይህ የሚጠበቅ ነው) አንድ ተጨማሪ ንብር በጥላው ክፍል ብቻ ይደርቡ። በሙሉ አይድገሙት።

ደረጃ 10፦ መሬቱና የፀሐይ ነጠብጣቦች

መሸፈኛ ፈሳሽ ካደረጉ ገና አይላጡት። መሬቱን በኦክርና በጥቂት ሮዝ ያልብሱ፤ ሲደርቅ የዛፎቹን ጥላ በኮባልት፣ በሮዝና በቅንጣት ሲዬና ይደርቡ። በቅጠል መሐል የሚሾልከው ብርሃን ክብ ነው፣ መሬት ላይ ሲጋደም ግን የተዘረጋ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ከሩቅ ያሉት ይበልጥ ጠፍጣፋ፣ ከቅርብ ያሉት ሰፋ ያሉ ናቸው። በቀሚሱ ላይ የሚያርፉት ደግሞ የጨርቁን ቅርጽ ተከትለው ይታጠፋሉ። ነጠብጣቦቹን አይበትኗቸው፤ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይሰብስቧቸው።

የወንበሮቹ እግርና የሴቶቹ ቀሚስ መሬት በሚነካበት ቦታ አንድ ጠቆር ያለ ቀጭን ጥላ ያስቀምጡ። ይህ ካልኖረ ሁሉም ይንሳፈፋል። ሲደርቅ ፈሳሹን በንጹሕ ጣት እያሻሹ ያንሡ።

ደረጃ 11፦ የጓሽ ነጭ

ላሚና ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዓሊዎች የውሃ ቀለምን ከጓሽ ጋር ያዋህዱ ስለነበር ጓሽ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ቦታውን ካልጠበቀ ግን ሥዕሉን ያበላሻል። ለዳንቴል ጫፍ፣ ለጓንት፣ ለጃንጥላው ዘርፍ፣ በጥቁር ካፖርት ላይ ለምትታይ ቁልፍ ይበቃል። ነጩ በባሕርዩ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣት ኦክር ይጨምሩበት፤ ውፍረቱ የወተት ያህል ይሁን። አንድ ጊዜ ያሳርፉ፣ ከዚያ አይመለሱበት። በላዩ የውሃ ቀለም ከደረቡበት ይሟሟና የኖራ ውሃ ይሆናል።

ጓሹን የሚያሳርፉባቸውን ቦታዎች አስቀድመው ቆጥረው በወረቀት ይጻፉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ቱቦውን ይዝጉ።

ደረጃ 12፦ ከቦርዱ ማውጣትና ማስቀመጥ

ወረቀቱ ለእጅ ጀርባ ቅዝቃዜ እስከሚሰማ ድረስ እርጥበት አለው፤ ሌሊቱን ያሳድሩት። በስለት ሲቆርጡ መጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ቀጥሎ ከእርሱ ፊት ለፊት ያለውን፣ በመጨረሻ ሁለቱን ቀሪ ጎኖች ይቁረጡ፤ ተከታታይ ሁለት ጎኖች ቀድመው ከተለቀቁ ውጥረቱ በአንድ በኩል ስለሚቀር ወረቀቱ በጥጉ ሊቀደድ ይችላል። በመስታወት ሲያስገቡ በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል ካርቶን ፍሬም ያድርጉ፤ መስታወቱ ቀለሙን ከነካ እርጥበት ሲገባ ይጣበቃል። ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ይስቀሉት፤ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳም ይራቅ።